ባቡር ጣቢያ ላይ የቀረው ሰውዬ

ሐጂ ዘይነዲን ሲናደዱ ወይ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ድምፃቸው ከፍ ይላል እንጂ ሁለቱ አንድ ላይ አይመጡባቸውም። በዚያ በ1994 ዓ.ም. የታኅሣሥ ቅዳሜ ረፋድ ግን ከጎባ ወደ ሮቤ በሚመለሰው ሚኒባስ ሲሳፈሩ ሁለቱም አንድ ላይ መጥተውባቸው ነበር። «በሩን ዝጋው እንጂ! ነፋስ ይፍጀን እንዴ?» ብለው ረዳቱን ተቆጡት። በሩ ዝግ ነበር።

በኮታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ማመልከቻ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጎባ ድረስ ሄደው ያስጻፉት ሮቤ ላይ ጸሐፊ ጠፍቶ አይደለም፤ ሮቤ ቢያስጽፉት ኖሮ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሱቃቸው ይገባ ነበር። ማመልከቻው የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከትምህርት ቤቱ እንድትነሣ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በማግስቱ እሑድ ለወላጅ ኮሚቴው ይቀርባል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ራሳቸው ሐጂ ዘይነዲን ናቸው። እሳቸው የፈረሙበትን ነገር ደፍሮ የሚከለክል ሰው በሰፈሩ ስለሌለ፣ የሴትዮዋ ነገር ያለቀለት ይመስል ነበር።

ክፍት ሆኖ ያገኙት መቀመጫ አንድ ብቻ ነው። ከጎኑ አንዲት ወጣት ግማሽ ጆንያ አቅፋ ተቀምጣለች። ከጆንያው አፍ ባዶ የኦሞ ካርቶን፣ የሻይ ቅጠል ፓኮ፣ የዘይት ቆርቆሮና ያለፈበት የግድግዳ ካሌንደር ብቅ ብቅ ብለዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ኢንተላ?» አሏት፤ ቢናደዱም ሰላምታ አይነፍጉም።

«ነጋ፣ አባ ኮ። እርስዎስ አካም ቡልተኒ?» ብላ ጆንያዋን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ሰጠቻቸው።

«አልሐምዱሊላህ። ይኼን ሁሉ ባዶ ዕቃ ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

«ለሥራዬ ነው አባባ። ያለ እሱ ሥራዬ አይሄድልኝም።»

ሐጂ የዕቃ ለቃሚ ናት ብለው ደመደሙና አንጀታቸው ራራላት። «ሥራ ነው፣ አትፈሪበት። በላብሽ ታድሪያለሽ። ተምረናል ብለው የሰው ልጅ ከሚያበላሹት አንቺ በስንት ጣዕምሽ!» አሏት።

«ማን ነው ልጅ የሚያበላሸው?»

ያን ጊዜ ሐጂ የሚያዳምጣቸው ሰው ካገኙ አይቀር ሆዳቸውን ዘረገፉት። «ሰቢሪና የምትባል ልጅ አለችኝ፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ አንዲት እንግሊዝኛ አስተማሪ መጣችባቸው። ስሟንም መጥራት አልፈልግም። ልጄ ከሱቄ ባዶ ካርቶን እየለቀመች ትወስዳለች። ምን ያደርግልሻል ስላት ‹ክፍል ውስጥ ገበያ አለን› ትለኛለች። ገበያ! በትምህርት ቤት! ሄጄ በመስኮት አየሁ። አንዷ ትሸጣለች፣ አንዱ ይገዛል፣ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይንጫጫሉ፣ አስተማሪዋም ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ አብራ ትስቃለች። ደብተሯን ገልጬ ብቆጥር ስንት ገጽ ባገኝ ጥሩ ነው? ስድስት! ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስድስት ገጽ!»

«ስድስቱ ገጽ ላይ ምን ተጽፏል?»

«እኔ እንግሊዝኛ የት አውቃለሁ? የማውቀው ወረቀት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስኳርና ጨው በአሮጌ ደብተር ጠቅልዬ ሸጫለሁ። ሰነፍ ልጅ ግማሹን ባዶ ትቶ ያመጣዋል። የጎበዝ ልጅ ደብተር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ነው። ታላቅ ወንድሟ ረዲ አሥራ አንድ የእንግሊዝኛ ደብተር ሞልቶ ነው ትምህርቱን የጨረሰው። የእሱን አልጠቀለልኩበትም፤ በጨርቅ አስሬ ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።»

«ማሻአላህ። አሁን ረዲ በእንግሊዝኛው ምን ይሠራል?»

ሐጂ ወደ ውጭ ተመለከቱ። በሲናና ማሳ ላይ ኮምባይነር ስንዴውን እያጨደ አቧራውን ያነሣል። «ሱቅ ነው ያለው፤ ከእኔ ጋር» አሉ።

«ፈረንጅ ቢመጣበት ያናግረዋል?»

«ልጁ ዝምተኛ ነው» አሉ።

ወጣቷ፣ «ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አማርኛዎ እንዲህ ያማረ፣ ማን አስተማረዎት?» አለቻቸው።

«ማን ያስተምረኛል! ከአባቴ ቤት ስወጣ ከአፋን ኦሮሞ በቀር አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። ገሰራ ገበያ ጨው እየቸረቸርኩ ነው የለመድኩት። አንዱ ‹ቀንስልኝ› ሲለኝ ‹አያዋጣኝም› ማለት ተማርኩ። አንዷ ስትሰድበኝ ደግሞ መልሱን ተማርኩ!» አሉና ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«ስንት ደብተር ሞሉ?»

የሐጂ ፈገግታ ወዲያው ጠፋ። «ነገር አታዟዙሪብኝ! ትምህርት ቤትና ገበያ ይለያያል። ቁርኣንን ልጅ ሆኜ በቃሌ ይዤ የለም? ማንም ገበያ አላስወጣኝም» አሉ።

«የአላህን ቃል በቃል መያዝ ራሱ ዒባዳ፣ አምልኮ ነው፤ እኔ በዚያ አልገባም። ግን ኡስታዝዎ ትርጉሙን ሳይነግርዎ ቀረ?»

«አስተግፊሩላህ! እንዴት ይቀራል? እያንዳንዷን አያ፣ እያንዳንዷን አንቀጽ አብራርቶልናል። ያልገባንን እንድንጠይቅም ያስገድደን ነበር።»

«እንግዲህ ልጆቹ የሚጎድላቸው ይኸው ነው። አይጠይቁም፣ አይመልሱም፣ ይገለብጣሉ። የሰው አገር ቋንቋ አፍ ካላገኘ ሥር አይይዝም። ልጅ ስትገዛና ስትሸጥ፣ ስትከራከር፣ የጠፋባትን ዕቃ ስትጠይቅ ቃሉን የምታነሣው ስለምትፈልገው ነው። ጀርባ ለጀርባ ያዩአቸው ልጆችም አይንጫጩም ነበር። አንዷ ከካሌንደር የተቆረጠ ሥዕል ይዛ ትናገራለች፤ ሌላዋ ሥዕሉን ሳታየው በጆሮዋ ብቻ ሰምታ ትስላለች። ካልገባት ሥዕሉ ይበላሻል። ስለዚህ ‹ድገሚልኝ፣ በሩ በየት በኩል ነው?› እያለች ትጠይቃለች። ለዚህ ከውጭ የመጣ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ባዶ ካርቶን ይበቃል።»

«አንቺ ይኼን ሁሉ ከየት አወቅሽ?» አሉ ሐጂ። ጥርጣሬ ገብቷቸዋል። ደግሞም የተሸነፉ መሰላቸውና ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ለማንኛውም ወሬው አልቋል። ማመልከቻው ይኸው፤ ነገ ትነሣለች።»

ሚኒባሱ ሮቤ መናኸሪያ ገብቶ ቆመ። ወጣቷ ጆንያዋን ይዛ ወረደች፤ ሐጂንም ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ቆመችና፣ «ጤቤ እባላለሁ ሐጂ። ሰቢሪናን የማስተምረው እኔ ነኝ። ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ያ ረቢ!» አሉ ሐጂ። ሰውን እፊቱ ማማታቸው አሳፈራቸው፤ እፍረታቸውም ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ። «አሹፈሽብኛል!»

«አላሾፍኩም። እንደ አባት ነው ያዳመጥኩዎት። ማመልከቻውን ነገ ያቅርቡ፤ አልለምንዎትም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። የሱቅዎን መጠቅለያ ወረቀት ያሳዩኝ።»

«መጠቅለያ ወረቀት?»

«እርስዎ ወረቀት አውቃለሁ ብለዋል። እኔም አብሬዎት ልየው።»

ሐጂ ዘይነዲን ተቆጥተውም ቢሆን ደጃቸው ለመድረስ የጠየቀን ሰው መመለስ አያውቁም። አፋቸውን ቋጥረው ከፊት ከፊት ሄዱ።

ረዲ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ከአንድ አሮጌ ደብተር ቅጠል እየገነጠለ ለአንዲት እናት ጨው ይጠቀልላል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ዓይኑ መሬት መሬት የሚያይ። ሐጂ ከባንኮኒው ሥር ያለውን የደብተር ክምር በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «ይኸው! እስኪበቃሽ እይ» አሏት።

ጤቤ ቁጢጥ ብላ ክምሩን ትፈትሽ ጀመር። የሒሳቡን ወዲህ፣ የሳይንሱን ወዲያ አደረገች። ከእንግሊዝኛው የሰባተኛ ክፍሎቹን መርጣ ሦስቱን ባንኮኒው ላይ ደረደረች። አንዱ የ1985፣ አንዱ የ1988፣ አንዱ የ1991 ነው። የሦስት ልጆች ስም አለባቸው፤ ሦስቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተዋል።

«እነዚህ ጎበዞች ናቸው፣ አይደለም ሐጂ?»

«ሲታዩስ! አንዲት ባዶ መስመር የላቸውም።»

ሦስቱንም አንድ ቦታ ላይ ገለጠቻቸውና ጣቷን አስቀመጠች። «ፊደሉን ይተዉት። ቅርጹን ብቻ ይዩልኝ።»

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ። እንግሊዝኛ ባያውቁም ሠላሳ ዓመት ወረቀት ያየ ዓይናቸው አልሳተም። ሦስቱ ገጾች ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው፤ የቆሙበትም ቦታ አንድ ነው። «አንድ ትምህርት ነዋ፤ ምን ክፋት አለው?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀንሷል።

«ምን እንደሚል ልንገርዎት። አንድ ሰውዬ በባሕር ዳርቻ ባለች ከተማ ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል። ሻንጣውን መሬት ያስቀምጣል። ሰዓቱን ያያል። ባቡሩ ዘግይቷል። ሻይ ይጠጣል። እንደገና ሰዓቱን ያያል። ‹ሰውዬው ወደ ሐዲዱ ዞር ሲል› ይልና እዚያው ላይ ይቆማል። ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለም። ሦስቱም ላይ የለም።»

«ኧረ የእኔ ልጅ ላይ ይኖራል!» ብለው ሐጂ ወደ ጓዳ ገቡና በጨርቅ የታሰሩትን ደብተሮች ይዘው ወጡ። ረዲ ግን ደብተሩ እስኪገለጥ አልጠበቀም። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣ ሳይተነፍስ፣ በእንግሊዝኛ ያንበለብለው ጀመር። ጣቢያውን፣ ሻንጣውን፣ ሻዩን አለፈ። ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ከዚያስ ረዲ?» አለችው ጤቤ በለሆሳስ።

«ከዚያማ የለም።»

«አንተ ምን ሆነ ትላለህ?»

ረዲ ግራ ተጋባ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። «የተጻፈው ይኸው ነው» አለ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ። «አባ፣ ዲንሾ ፓርኩ ላይም እኮ ይቺኑ ነው ያልኳት።»

«ዲንሾ ላይ ምን?»

«የአስጎብኚ ምርጫ የሄድኩ ለት። ሰው ሞልቶባቸው መለሱኝ ብዬዎት ነበር። ውሸቴን ነው። ፈረንጁ በእንግሊዝኛ ‹ስለ አገርህ ንገረን› አለኝ። የጠየቀኝ ገብቶኛል። ግን አፌ ላይ የመጣልኝ ይኼ ብቻ ነው። ጣቢያውን፣ ሻንጣውን፣ ሻዩን ነገርኩት። ሰዎቹ ሳቁ። ቀጥል ሲሉኝ ሐዲዱ ላይ ቆምኩ።»

ጨው የገዛችው እናት እንኳ ጥቅሏን ይዛ ቆማ ቀረች።

ሐጂ ዘይነዲን በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ይህ ልጅ የሳነቴን ተራራ እንደ ጓሮው የሚያውቅ ነው። ቀይ ቀበሮ የት እንደምትወልድ፣ ደጋ አጋዘን በየትኛው ሰዓት ውኃ እንደሚወርድ ሲያወራ ሰው ሥራ ያስፈታል። ያን ሁሉ እውቀት ይዞ ሄዶ፣ አይቶት ስለማያውቀው ባቡር ሲያነበንብ መሳለቂያ ሆነ። አምስት ዓመት ሙሉም ነውሩን ዋጥ አድርጎ ለአባቱ ስኳር መዘነ። እሳቸውስ ምን አደረጉ? ያን ያዋረደውን ወረቀት በጨርቅ አስረው አኖሩ፤ ለእንግዳም እያወጡ አሳዩ።

«ማነው ይኼን ያደረገብን?» አሉ ብድግ ብለው። አሁን ከንፈራቸውም ድምፃቸውም አንድ ላይ ነበሩ። «አንድ ሰው ጣቢያ ላይ አቁመው ትተውት ሲሄዱ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ልጅ፣ ‹ምን ሆነ?› አይልም? በአንድ ክፍል ከታጨቀ ሰባ ልጅ አንድ? በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ?»

«ቢጠይቁ ይቆጧቸዋል ሐጂ። ‹ጻፍ፣ ዝም በል› ነው መልሱ» አለች ጤቤ።

ደጅ ላይ አንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ስኳር ጠየቀ። ረዲ ስኳሩን መዝኖ ወረቀት ሲፈልግ ሐጂ ከኮታቸው ኪስ ማመልከቻውን አወጡና ዘረጉለት። «በዚህ ጠቅልልለት። ሰፊ ነው» አሉት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከአባላቱ መካከል በጡረታ የተገለሉት መምህር ገብረ ሚካኤል ይገኛሉ። የጤቤን ነገር ሰምተው ኖሮ፣ ገና ስብሰባው ሲከፈት እጃቸውን አወጡ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ክፍል ውስጥ ጨዋታ ከገባ ሥርዓት ይወጣል። እኛስ እየገለበጥን ተምረን እዚህ አልደረስንም?» አሉ።

«የደረስንበትን ላሳይዎት» አሉ ሐጂ፤ ደብተሮቹንም እፊታቸው ደረደሩ።

መምህር ገብረ ሚካኤል የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ። ሁለተኛውንም አነበቡ። ሦስተኛውን ሳያነቡ ዘጉት። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለትምህርት ቤቱ በሙሉ መጽሐፉ አንድ ብቻ ነበር፤ የሚቀጥለው ቅጠል ደግሞ ተቀዷል። ነገ ከራሴ ጨምሬ እጨርሰዋለሁ እያልኩ ከረምኩ። ከእኔ በኋላ የመጡትም ማስታወሻዬን ተቀባብለው እንደዚያው አስገለበጡት። እኔ ከወጣሁ እንኳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

ሐጂ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ላይ መጮህ ከበዳቸው። ቁጣቸው ግን አልበረደም። «አንድ መጽሐፍ ለሺህ ልጅ የሰጠው ይጠየቅበት፤ እርስዎን ብቻ አልወቅስም» አሉ። «ግን ስሙኝ ጎበዝ! እኛ ወላጆችም አለንበት። ደብተር ሞላ ብለን እልል ያልነው እኛ ነን። ክፍሉ ዝም ሲል ትምህርት አለ፣ ሲንጫጫ ትምህርት የለም ያልነው እኛ ነን። የጤቤ ልጆች ሲሸጡ ይቆጥራሉ፣ ሲከራከሩ ያስባሉ፣ ሲሳሳቱ አይሸማቀቁም። ዓይን አፋሯ ልጄ ዛሬ ለሰው ቀና ብላ ትመልሳለች። ነገ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ያን ጊዜ ስድስት ገጽ የገባት ትሻላለች ወይስ አሥራ አንድ ደብተር ያልገባው? ደግሞ እንግሊዝኛው የገዛ ቋንቋችንን አያስጥላትም፤ በአፋን ኦሮሞ ያላሰበችውን በእንግሊዝኛ አትናገረውም። አንድ ልጄን አስበልቻለሁ። ሁለተኛዋን አላስበላም!»

የተቃወመ አልነበረም። ኮሚቴው ጤቤ በቦታዋ እንድትቀጥል፣ የከተማው ባለሱቆችም ባዶ ካርቶንና ያለፈበት ካሌንደር እንዲያጠራቅሙላት ወሰነ። መምህር ገብረ ሚካኤል ሲወጡ ደጅ ላይ ውሳኔውን ትጠብቅ የነበረችውን ጤቤን፣ «በሳምንት አንድ ቀን መጥቼ ልያችሁ?» አሏት። «ይምጡ እንጂ፣ ገዢ ያንሰናል» አለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው ረዲን አስከትለው ሄዱ። በሰባተኛ ክፍል የኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ መቀመጫው ለልጅ የተሠራ በመሆኑ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጤቤ የሰውዬውን ታሪክ በትልቁ ጽፋ ሰሌዳው ላይ ለጥፋለች። መጨረሻው ላይ ባዶ ካርቶን አንጠልጥላለች። ልጆቹ በአራት በአራት ተቧድነው መጨረሻውን ይፈልጉለታል። አንዱ ቡድን ባቡሩን ድንች ጭኖ አመጣው። ሌላው ሻንጣውን አሰርቆ ሰውዬውን ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። የሰቢሪና ቡድን ደግሞ ሰውዬውን ከባቡሩ ተስፋ አስቆርጦ በጎባ ሚኒባስ አሳፈረው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሐጂ ከንግግሩ ያወቁት ቃል «ጎባ» የሚለውን ብቻ ነበር። ሳቁ ግን ደርሷቸው አብረው ሳቁ።

«ሌላ አለን?» አለች ጤቤ በእንግሊዝኛ፤ ወደ ኋላ አየች። ረዲ ተነሣ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ። እንደለመደው ዓይኑን ግድግዳው ላይ አልተከለም፤ ልጆቹን ነበር የሚያየው። ቀስ እያለ፣ ቃል እየፈለገ፣ አንድ ቦታም ተሳስቶ እያረመ፣ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ሐጂ ዘይነዲን ሰቢሪናን በጥቅሻ ጠሯት። «ምን አለ? ወንድምሽ ምን አለ?»

ሰቢሪና ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለች። «አባ፣ ሰውዬው ወደ ሐዲዱ ዞር ሲል ባቡር እንደማይመጣ ገባው። ሻንጣውን አነሣና በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ ነው ያለው።»